በቤት ውስጥ ዱላ ለሚደርስባቸው ሰዎች ስለሚደረግ ጥንቃቄ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር፤ በአባላት ጥያቄ ለመጽሔታችን ተስተካክሎ የቀረበ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በዕድራችን ጉባኤ ላይ ተነሥቶ የማያውቅ ነው። አጀንዳው ሲነበብ ከወደ ኋላ ያጉረመረሙ እንደ ነበሩ ሰምተናል። «የባልና የሚስት ነገር ከዕድር ጋር ምን አገናኘው? ዕድር ሬሳ ያነሣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል እንጂ የሰው ጓዳ አይገባም» የሚል ነው ማጉረምረሙ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በቅድሚያ ለእርሱ መልስ እንስጥ።

የሴት አባሎቻችንን ሬሳ የሚያጥቡትንና የሚገንዙትን እናቶች ጠይቋቸው። በቀሚስና በነጠላ ተሸፍኖ የኖረውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ጠምሞ የተጠገነ ክንድ፣ ጀርባ ላይ የቀረ የዱላ ሰንበር፣ ጠጉር ውስጥ የተደበቀ ጠባሳ። ሟቿ የሞተችበት በሽታ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳው ግን የራሱን ይናገራል። እናቶቻችንም አይተው፣ ከፈን አልብሰው፣ ዝም ብለው ይወጣሉ። እንግዲህ ዕድር የሰው ጓዳ አይገባም የሚባለው ልክ አይደለም። ይገባል፤ የሚገባው ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ የምንጠይቀው ትንሽ ቀደም ብሎ ይግባ ብለን ነው።

መቸም ቁጥር ሳይጠቀስ የሚያምን የለምና ቁጥሩንም እንጥቀስ። በ2008 ዓ/ም የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ በትዳር ጓደኛቸው ድብደባ፣ የግብረ ሥጋ ማስገደድ ወይም የሞራል በደል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል ይላል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አስጠንቶ በ1998 ዓ/ም ባወጣው ጽሑፍ ከአገራችን የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ከመቶው 71 ሴቶች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በባል ወይም በወዳጅ የአካል ወይም የግብረ ሥጋ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ገልጸዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይኸው የኛው ነበር። የ2008ቱን ጥናት ዝቅተኛውን ቁጥር እንኳ ብንወስድ፣ በድንኳናችን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ ከሚቀመጡት ስድስት ባለትዳር እናቶች ሁለቱ ማለት ነው። አጠገባችን ተቀምጠው ንፍሮ የሚያዘግኑን ናቸው።

በዚያው በ2008ቱ ጥናት ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ መኝታ እንቢ ብትል፤ ከነዚህ በአንዱ ምክንያት እንኳ ባል ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶው 63 ሲሆኑ ወንዶቹ 28 ናቸው። «ይኸው፣ ሴቶቹ ራሳቸው ፈቅደው!» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ሰው የማይወጣበትን ነገር «ልማድ ነው» ብሎ ነው የሚችለው። ብርዱን የጥሊሊ ሰው እንዴት ይችለዋል? ወዶት ነው እንዴ?

ስለ ሕጉ ባጭሩ። በ1952 ዓ/ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስትም በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚያ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ክልላችንም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ/ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብራው በምትኖር ሰው ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሞ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ማንኛውንም ሰው እንደ መታ ሆኖ ይቀጣል ይላል። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ቀላል የሚባለው ጉዳት መሣሪያ ካልተያዘበት በቀር የሚያስከስሰው ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። አቤት ማለት የማትችል ሴት ሕጉ በሯን አያንኳኳላትም። ጥንቃቄው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ለምን ትታው አትሄድም?» ብሎ ነው። እኛ በጽሕፈት ቤት በቆየንባቸው ዓመታት ብዙ አቤቱታ ሲጻፍና ሲመዘገብ አይተናል፤ ጥያቄው ለጠያቂው ቀላል ነው። ወዴት ትሂድ? መሬቱ እዚህ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት እዚህ ነው፤ ድንቹ ገና አልተቆፈረም፤ ዕድሩ በባሏ ስም ነው። ወላጆቿ ቤት ብትገባ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ አባቷም «ልጄ፣ ትዳር እንዲህ ነው፤ ተመለሽ» ይላታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ነገር አለ። መሄድ ራሱ አደገኛ ነው። በብዙ አገር እንደ ታየው ሴቶች በባላቸው እጅ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ጥለው ሊሄዱ ሲሉ ወይም ከሄዱ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ባልየው «ከእጄ ወጣች» ብሎ የሚያስብበት ሰዓት ክፉ ሰዓት ነው። ስለዚህ «ተነሥተሽ ሂጂ» ብሎ መምከር ብቻውን ምክር አይደለም። መቼ፣ በየት በኩል፣ ማንን ይዛ፣ ምን ይዛ፣ ወደ ማን ዘንድ የሚለው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ለጊዜው የማትሄድም ከሆነ፣ እዚያው እየኖረች እንዴት ትትረፍ የሚለው መታሰብ አለበት። የጥንቃቄ ዕቅድ የምንለው ይህንን ነው።

ጃክሊን ካምቤል የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲት ሴት በባሏ የመገደል አደጋ ምን ያህል እንደ ቀረባት የሚያሳይ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅታ ነበር። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ ለማንም የሚገቡ ናቸው። ዱላው እየከፋና እየተደጋገመ መጥቷል ወይ? በቤቱ የጦር መሣሪያ አለ ወይ? «እገድልሻለሁ» ብሎ ያውቃል ወይ? አንቆሽ ያውቃል ወይ? ነፍሰ ጡር ሳለሽ መትቶሽ ያውቃል ወይ? ከቅናት ብዛት መውጫ መግቢያሽን ይቆጣጠራል ወይ? ራሱን ለመግደል ዝቶ ያውቃል ወይ? ከነዚህ ብዙዎቹ «አዎን» ከተባሉ ነገሩ የጠብ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ የነፍስ ነገር ሆኗል።

በተለይ ማነቅን እንደ ቀላል አትዩት። በዚያው በአሜሪካ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ታንቃ የተረፈች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል ዕድሏ ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። የታነቀ ሰው አንገቱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ድምፅ መሻከር፣ ምራቅ ለመዋጥ መቸገር፣ ራስ ማዞር፣ ሽንት ማምለጥ ካለ በውስጥ የተጎዳ ነገር አለና፣ ከቀናት በኋላም ሊገድል ስለሚችል፣ «ተረፍኩ» ብሎ መተኛት የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የሰፈራችንን ቤት እናውቀዋለን። ብዙው አንድ በር ነው፤ ጓዳው ከኋላ ነው፤ ወጥ ቤቱ ከደጅ ነው። ጠብ ሲጀመር አብዛኛዋ ሴት የምትሮጠው ወደ ጓዳ ነው፤ ለመሸሸግ። ጓዳ ግን መውጫ የለውም። ወጥ ቤትም እንዲሁ መጥፎ ነው፤ ቢላ አለ፣ መጥረቢያ አለ፣ የፈላ ውሃ አለ፣ ፍም አለ። እንግዲህ ምልክቱን ያወቀች ሴት፤ መቸም አረማመዱን፣ የበሩን አከፋፈት፣ የድምፁን አወጣጥ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ ሳይጋጋል ወደ በሩ መጠጋት አለባት። ውሃ ልቅዳ፣ ጥጃ ልመልስ፣ ምንም ይሁን ምን። መሣሪያ ወዳለበት ክፍል ከቶ አይሮጥም። ነጠላና ሻሽ አንገት ላይ አይጠመጠምም፤ የያዘ ሰው ያንቅበታል። መሸሽ ካልተቻለ ጥግ ይዞ፣ ተኮራምቶ፣ ራስንና አንገትን በክንድ መሸፈን ነው። መጥረቢያና ማጭድ ከበሩ ጀርባ ማስቀመጥ ልማዳችን ቢሆንም እንዲህ ባለ ቤት ቦታቸው ሩቅ ይሁን። የጓሮው አጥር ቀርከሃ ከሆነ አንዲት ሴት ከነልጇ የምታልፍበት ያህል ላላ ብሎ ቢታሰር ማንም አያስተውለውም።

ልጆችን በሚመለከት የምንለው አለ። ልጅ አባቱና እናቱ መካከል ገብቶ ሊገላግል ይሞክራል፤ በተለይ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ። ይህ ሥራው አይደለም፤ እንደዚህ ገብተው የተጎዱ ልጆች አሉ። እናት ልጆቿን አስቀድማ «እንዲህ ሲሆን እንትና ቤት ሂዱ፤ አትመለሱ፤ እስክጠራችሁ እዚያ ቆዩ» ብላ ብታስተምራቸው፣ ያቺም ጎረቤት ብታውቅ ጥሩ ነው። ልጁ ሲደርስ ምን እንደሚል አብሮ ይለማመደው። የደነገጠ ልጅ አፉ ይያዛልና።

ምልክት የሚባለውም ነገር አለ። ኡኡታ በሌሊት ሁልጊዜ አይሰማም፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሰው ድምፅ አያልፍም። ስለዚህ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ምልክት መነጋገር ያስፈልጋል። ሌሎች አገሮች በስልክ የሚነገር አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ በኛ ደግሞ ልጅ ባልተለመደ ሰዓት ወንፊት እንዲዋስ መላክ ወይም አጥር ላይ የሚሰጣ ልብስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን አባላት እንድታስተውሉልን የምንፈልገው፣ ይህ መጽሔት በየቤቱ የሚገባ መሆኑን ነው። ባልም ያነበዋል፤ የሚመታውም ያነበዋል። ስለዚህ አሁን የጠቀስነው ወንፊትና ልብስ ከእንግዲህ ለዚህ ሰፈር አያገለግልም። እያንዳንዷ የራሷን ታውጣ፤ ለእኛም አትንገረን። መጽሔቱን ቤት ውስጥ መያዝ የሚያሰጋት ካለች እንዳነበበች ትመልስልን፤ ለሁሉም የሚታደል ስለሆነ በእርሷ ዘንድ መገኘቱ ብቻውን ግን ምንም አያስጠረጥርም።

ምልክቱን ያየ ጎረቤት ምን ያድርግ? ብቻውን አይግባ። ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ሰው ጠርቶ፣ ከደጅ ሆኖ በስም ይጣራ። ለዚህ እንኳ ዕድር የሚመች ነገር አለው። የዕድር ሰው በማንኛውም ሰዓት የማንንም በር ቢያንኳኳ ነውር የለውም። «እንዴት አመሻችሁ፤ የዕድር ጉዳይ ነው፣ ጋሼ እንትና ብቅ ይበሉልን» ማለት ነው። ሰውየው በር እስኪከፍት ያለችው አንዲት ደቂቃ ብዙ ናት። «ለምን መታሃት?» ብሎ በሩ ላይ ሙግት መግጠም ግን አያስፈልግም፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ሂሳቡን የምትከፍለው እርሷ ናት። መሣሪያ ከወጣ ደግሞ ማንም ጀግና አይሁን፤ ፖሊስ ነው። ከ2015 ዓ/ም ወዲህ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ፖሊስም ፍርድ ቤትም በፈለጉት ሰዓት የሚደረስበት እንዳልሆነ እናውቃለን። እንግዲያው ጎረቤት የቅርቡ መንግሥት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ እኛ ከሁሉ የምናውቀው ይህን ነውና ትንሽ ታገሡን። ከቤት ባዶ እጇን የወጣች ሴት በሳምንቱ የምትመለሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ስለሌላት ነው። መጀመሪያ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይገኛል። ያ ፎቶግራፍ ቀልድ አይደለም፤ መሬቱ የእርሷም ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ከዚያ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደትና የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም የፋይዳ ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተር፣ የቁጠባ ደብተር፣ የጸደይ ባንክ (የቀድሞው አብቁተ) የብድር ወረቀት ካለ እርሱም። የሐኪም ካርድና የዘወትር መድኃኒት ያላት አትርሳ። ዋናውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከሣጥኑ ማንሣት ግን ስሕተት ነው፤ ሰውየው ባየ ዕለት ነገሩ ይታወቅበታል። ፎቶ ኮፒ ያስነሡ፤ ኮፒውን ከእርሱ ዘመድ ካልሆነ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። የእንቁላልና የቅቤ ሽያጭ ካለ ከላዩ ጥቂት ጥቂት ቆጥቦ እስከ እንጅባራ ወይም እስከ ቡሬ የሚያደርስ ለእርሷና ለልጆቿ የመሳፈሪያ ገንዘብ አብሮ ቢቀመጥ ደግ ነው። ስልክ ቁጥርም በቃል ይያዝ፤ ስልኩን እርሱ ይፈትሽባታልና፣ ይሰብርባታልም።

ድብደባው በደረሰ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በምን እንደ መታት፣ ማን እንዳየ መጻፍ ወይም ማስጻፍ ጠቃሚ ነው። ፊደል የማታውቅ እናት ከበዓል ጋር አያይዛ በቃሏ ትያዝ፤ «በጥምቀት ማግስት፣ ማታ፣ በዱላ» ካለች ይበቃል። ፍርድ ቤት «ሁልጊዜ ይመታኛል» የሚለውን ብዙ አይሰማውም፤ ቀንና ምስክር ያለውን ነው የሚሰማው። አቤቱታ ሲገባ ደግሞ መዝገብ ቤት ሄዶ ቁጥር ማሰጠት ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ምንም ቢያምር አልገባም ማለት ነው፤ ይህን ከሥራችን እናውቀዋለን። «ነገ ነይ» ለሚላት ሠራተኛ «እሺ፣ ቁጥሩን ብቻ ይስጡኝ» ትበል፤ አንድ ኮፒ ማኅተም አስመትታ ትያዝ። አገውኛ ብቻ የምትናገር እናት ስትሄድ ቃሏን የሚያስተረጉምላት ሰው አብሯት ይሂድ፤ የባሏ ወንድም ግን አይሁን።

ሐኪም ቤትን በሚመለከት፣ ወድቄ ነው ማለት ይቅር። ሐኪሙ የሚጽፈው የነገሩትን ነው፤ «ወደቀች» ከተባለ ማስረጃው የውድቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። ተገዳ የተደፈረች ካለች፣ ልጅም ትሁን ትልቅ ሰው፣ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሱንም ሳታጥብ በወረቀት ጠቅልላ በቶሎ ትድረስ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ያልታሰበ እርግዝና መከላከያውም ቢፈጥን ይበጃል።

ሩቅ ያለ እርዳታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ 7711 የሚባል ነጻ የስልክ መስመርም አቋቁሟል። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን በሰላሙ ቀን ተደውሎ የሚሞከር እንጂ ደም እየፈሰሰ የሚሞከር አይደለም። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የተባለውም በአዲስ አበባና በአዳማ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚያስጠጋ ቤት ከፍቶ ብዙ ሴቶችን አስጠልሏል። ለኛ ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ቅርቡ የወረዳችን የጓጉሳ ሽኩዳድ የሴቶች ጉዳይ ጽ/ቤት፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ጤና ተቋም ነው፤ ከሁሉም የሚቀርበው የጎረቤት ቤት ነው።

አሁን ሽማግሌዎቻችንን እንናገር፤ ካስቀየምንም ይቅርታ። ሽምግልና የአገራችን ትልቅ ሀብት ነው። የድንበር ጠብ አብርዷል፣ ደም አድርቋል። በአንድ ነገር ግን ይሳሳታል፤ የተደበደበችን ሴት በዚያው ሳምንት፣ ቁስሏ ሳይደርቅ፣ «በሉ ተሳሳሙ» ብሎ ወደዚያው ቤት ይመልሳል። ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ «ምን በደለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ማታ አብራው የምታድርበት ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ምን ብላ ትናገር? «ምንም አልበደለኝም» ትላለች፤ ሽማግሌው ደግሞ «ይኸው እርቅ ወረደ» ብሎ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ሽማግሌ የሚገባ ከሆነ ለየብቻ ይጠይቅ። ያለችበትን ቤት አይናገር። መሣሪያ ካለ፣ ሌላ ቃል ከመነገሩ በፊት መሣሪያው ከቤት ወጥቶ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጥ። ማነቅ፣ መሣሪያና የግድያ ዛቻ ካለበት ሽማግሌው «ይህ ከኔ በላይ ነው» ብሎ ወደ ሕግ ያሳልፍ። እንዲህ ማለት የሽማግሌን ክብር አይቀንስም። ተመለሽ የምትባል ከሆነም እንደ ገንዘብ ብድር ዋስ ይጠራ፤ ዋሱም የሚያስር ዋስ ይሁን እንጂ የስም ዋስ አይሁን። ለአንዲት ላም ዋስ የምንጠራ ሰዎች ለሴት ልጅ ነፍስ በባዶ ቃል መልቀቃችን ምን ይባላል?

እስካሁን ሚስትን አነሣን እንጂ ዱላ ሚስትን ብቻ አያገኝም። መሬት አውርሱኝ እያለ አሮጊት እናቱን የሚገፋ ልጅ አለ። በየከተማ ቤቱ የተቀጠረች፣ ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ሠራተኛ አለች፤ እርሷ የዕድር አባልም አይደለች፣ ዘመድም የላት። ወንድም የሚደበደብበት ቤት አለ፤ ሰው ይስቅበታል ብሎ ዝም ይላል። የተናገርነው ጥንቃቄ ለእነርሱም ነው።

ስለ ወንዶች አንድ ነገር ብለን ወደ ዕድሩ እንመለስ። በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተደረገ አንድ ሙከራ ነበር። ሰዎችን በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ እየሰበሰቡ፣ 14 ጊዜ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጠብና ስለ ኤች አይ ቪ እንዲነጋገሩ አደረጉ። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ባልና ሚስት አብረው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በተለይ የግብረ ሥጋ ማስገደድን በመቀነስ ረገድ ለውጥ የታየው ወንዶች ለብቻቸው በተነጋገሩበት ነው። ሴቶቹን ብቻ ሰብስቦ መምከር ያን ያህል አልሠራም። ይህ ብዙ አያስደንቅም፤ ዱላው ያለው በማን እጅ ነው? ቡናው በኛም ሰፈር አለ። ወንዶቹ ከቀብር መልስ በድንኳን የምንቀመጥባቸው ሦስት ቀናትም አሉ፤ ካርታና ወሬ ብቻ አይሁንባቸው።

እንግዲህ ከዕድራችን የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። «ደንቡ አይፈቅድም» ለሚሉ፣ ደንብ ሰው የጻፈው ነው። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች በኤድስ ምክንያት አባላት እየረገፉ ሲያዩ፣ ከቀብር አልፈው በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረዋል። ጎረቤታችን እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ/ም ሲመሠረት ለአድዋ መታሰቢያ ነበር ይባላል፤ ዛሬ የተጣላ ያስታርቃል፣ የተቸገረ ይረዳል። ማኅበር ያድጋል።

አንደኛ ነገር የአባልነት ጉዳይ ነው። አብዛኛው አባልነት የተመዘገበው በባል ስም ነው። ከቤት የወጣች ሴት ሃያ ዓመት መዋጮ ስታዋጣ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ሌሊት ስታስተዛዝን ኖራ፣ በወጣች ማግስት ዕድር የላትም። ብትሞት ማን ያነሣታል? እናቷ ቢሞቱባት ማን ይደርስላታል? ብዙ እናቶች «ዕድሬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ሲሉ ሰምተናል፤ የሚያስቀራቸው አንዱ ማሠሪያ እኛው ነን ማለት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱም በየስማቸው በአንድ ካርድ ይመዝገቡ፤ ቢለያዩ ያለ አዲስ የመግቢያ ክፍያ ሁለቱም በአባልነት ይቀጥሉ። የመታውም ሰው ቢሆን ከዕድር አይባረርም፤ ለቅሶው ይደረስለታል። ዕድሩን ለመቀጫ መሣሪያነት ካዋልነው ማንም እውነቱን አይነግረንም።

ሁለተኛው ከመጠባበቂያው ገንዘብ ጥቂት ተለይቶ ለአስቸኳይ መሳፈሪያና ለሕክምና ያለ ዋስ በብድር እንዲሰጥ ነው። በመዝገብ ላይ «የአስቸኳይ ችግር ብድር» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ምክንያቱ አይጻፍም። ሦስተኛው የወረቀት ሣጥን ነው። አባል የሆነ ሁሉ፣ ችግር ያለበትም የሌለበትም፣ የወረቀቱን ኮፒ በታሸገ ፖስታ ማስቀመጥ ይችላል። የእሳት አደጋም ስለሚያሰጋ ሁሉም ሰው ቢያስቀምጥ፣ ለምን እንዳስቀመጠ ማንም አይጠየቅም። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን የሴቶች ተወካይ እናት ትያዝ። የት እንደሚቀመጥ እዚህ አንጽፍም።

የመጨረሻው ከባድ ነው። አንዲት ሴት በድንገት ስትሞት «ራሷን ሰቀለች»፣ «ከደረጃ ወደቀች»፣ «ድንገት አመማት» ተብሎ ጡሩምባ ይነፋል፣ በዚያው ቀን ትቀበራለች። እውነትም ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ግን ማስረጃውን ከአፈር በታች ያስገባነው እኛ ነን፤ በራሳችን ቃሬዛ ተሸክመን። ገናዦቹ በሬሳው ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካዩ፣ በአንገትም ይሁን በራስ ወይም በሆድ፣ ሥራቸውን አቁመው ለዕድሩ ዳኛ ይንገሩ፤ ዳኛውም ቀብሩን አዘግይቶ ለፖሊስ ያስታውቅ። የነገሩት እናቶች ስም በየትም አይጻፍ፤ ያስታወቀው «ዕድሩ» ይባል። ቤተሰቡ ይቆጣ ይሆናል። ምግቡ ይበላሻል፣ እንግዳ ይጉላላል። ይጉላላ።

የነዚህ አራት ነጥቦች ረቂቅ በዕድሩ ጽ/ቤት ተለጥፏል። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ስብሰባ ሲሆን በዚያ ቀን ሴቶች አባላት ለየብቻ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ድምፁም በእጅ ማውጣት ሳይሆን በወረቀት እንዲሆን ጠይቀናል። አስተያየት ያለው ስሙን ሳይጽፍ በሣጥኑ ይጨምር። መጻፍ የማይችል ከእሑድ በቀር ማለዳ ማለዳ ጽ/ቤቱ በረንዳ ላይ አለን፤ እንጽፍለታለን፤ የጻፍነውንም መልሰን እናነብለታለን።